የቅርብ ነገር ዋጋ

እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ከተማዋ በምትገለጥበት ቁልቁለት ጫፍ፣ አንድ ወዳጄን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ፎቶግራፍ አነሣሁት። ወሩ መስከረም ነበር። ዝናብ ያጠበው አየር ጠርቶ አዲስ አበባ ከእግራችን ሥር ተዘርግታለች፤ ከእርሷ ወዲያ የረር፣ ከየረርም ወዲያ ዝቋላ ይታያል። የያዝኩት ካሜራ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ሌንሶች አሉት፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥዕል ያነሣል። ሁለቱን ሥዕሎች መመልከቻ ውስጥ አስገብተው እያንዳንዱን ለየዐይኑ ሲሰጡት ጠፍጣፋው ፊልም ይከፈትና ጥልቀት ያለው ስፍራ ይሆናል። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር፤ ወዳጄ ከፊት፣ ከተማዋ ከኋላው፣ ተራሮቹ ከሁሉም ወዲያ፣ ሁሉም በየርቀቱ እንዲቀመጥልኝ።

ፊልሙን በቅርብ የሚያጥብልኝ ስላልነበረ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ወራት ጠበቅሁ። ስላይዱ መጥቶ መመልከቻው ላይ ዐይኔን ስጥል ግን መጀመሪያ ያየሁት ወዳጄን አይደለም፤ ከተማዋንም አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ከካሜራው አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ ከላይኛው ጥግ የተንጠለጠለች ቀጭን ቅርንጫፍ። ሳነሣ ልብ አላልኳትም። በሥዕሉ ውስጥ ግን ሁለት ሆና ዐይኔን ወዲህና ወዲያ ትጎትተዋለች። ቅርንጫፏን አንድ ላድርግ ስል ከተማዋ ትሰነጠቃለች፤ ከተማዋን ልያዝ ስል ቅርንጫፏ ትሰነጠቃለች። ዐይን አዋጅ ሆነብኝ። ጥቂት ቆይቶም ግንባሬን ይወጋኝ ጀመር።

ብርሃኑ ልክ ነበር፤ ጥራቱም ልክ ነበር። ያጠፋሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሩቁ ሳስብ ቅርቡን አልለካሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጥፋት ከፎቶግራፍ የሰፋ ነገር ያስተምረኝ ጀመር። ጥልቀት ሲባል ሁላችንም ወደ ሩቅ እናያለን፤ ጥልቅ ሐሳብ፣ ጥልቅ ባሕር፣ ጥልቅ ፍቅር ስንል መጨረሻው የማይደረስበትን ማለታችን ነው። ይህ ካሜራ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው፤ የጥልቀት ልክ የሚወሰነው ሩቁ ላይ ሳይሆን ቅርቡ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሁለት ዐይኖቻችን ከ6 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ተለያይተው ተተክለዋል። ስለዚህ አንዱን ዓለም ከሁለት ስፍራ ያዩታል፤ የሚያዩትም ፈጽሞ አንድ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ይህ ትንሽ አለመግባባት የጥልቀት ምንጭ መሆኑን አሳየ። ያሳየበት መሣሪያ ሁለት መስታወቶችን በማእዘን ያቆመ ቀላል ነገር ነበር፤ ለቀኝ ዐይን አንድ ሥዕል፣ ለግራ ዐይን ሌላ ሥዕል ያቀብላል። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጸው በማግስቱ ዓመት፣ በ1839፣ ስለሆነ ዊትስተን የተጠቀመው በእጅ በተሣሉ መስመሮች ነው። ጥላ የለም፣ ቀለም የለም፤ ጥቂት መስመሮች ብቻ። ሁለቱ ሥዕሎች በጥቂቱ ስለተለያዩ ግን መስመሮቹ ከወረቀቱ ተነሥተው አየር ላይ ቆሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960፣ ቤላ ዩሌሽ አንድም ቅርጽ የማይታይባቸው ሁለት የነጠብጣብ ሰሌዳዎች አቀረበ። በነጠላ ዐይን ዝብርቅርቅ ነጥብ ብቻ ናቸው፤ በሁለት ዐይን ሲታዩ ከመካከላቸው አንድ አራት ማእዘን ብድግ ይላል። ጥልቀቱ በአንደኛው ሰሌዳ ላይ የለም፤ በሁለተኛውም ላይ የለም። ያለው በልዩነታቸው ውስጥ ነው።

ዳኛ ፊት የቀረቡ ሁለት ምስክሮችን አስባለሁ። ቃላቸው ፊደል በፊደል ከገጠመ ዳኛው ይጠረጥራል፤ አንዱ ያየውን ሌላው ሸምድዶታል፣ ሁለተኛው ምስክር የጨመረው ነገር የለም ማለት ነው። ቃላቸው ጭራሽ ከተራራቀም ሁለቱንም ይጥላል። እውነቱን የሚያገኘው አንዱ ከበሩ በኩል፣ ሌላው ከመስኮቱ በኩል ቆመው ያንኑ ነገር ሲናገሩ ነው። ልዩነታቸው የቆሙበትን ስፍራ፣ ስምምነታቸው የሆነውን ነገር ይነግረዋል። አእምሮም በሁለቱ ዐይኖች ላይ እንዲህ ያለ ዳኛ ነው። ልዩነቱ ሲጠፋ ዓለም ጠፍጣፋ ወረቀት ይሆንበታል፤ ልዩነቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ፍርዱን ትቶ ሁለት ሥዕል ያያል። ጥልቀት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ይኖራል። እንዲህ በጥንድ ሌንስ የሚያነሣ፣ የስቴሪዮ ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው ሰው ሥራው ያችን ስፍራ መዳኘት ነው።

የእኔ ካሜራ ስቴሪዮ ሪያሊስት ይባላል። የነደፈው ሴተን ሮክዋይት የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የሚልዋኪው ዴቪድ ዋይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1971 ድረስ ሠርቶታል። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ርቀት 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእኛ ልክ አንድ ጋት ቢባል ያስኬዳል። የሌንሶቹ የትኩረት ርዝመት 35 ሚሊ ሜትር ነው። ስቴሪዮ አንሺዎች ለብዙ ዘመን ሲቀባበሉት የኖሩት አንድ የልምድ ሕግ አለ፤ ሥዕሉ እስከ አድማስ የሚሄድ ከሆነ፣ በውስጡ የሚገባው ከሁሉ ቅርብ የሆነ ነገር ቢያንስ የሌንሶቹን ርቀት 30 እጥፍ ይራቅ ይላል። ለአንድ ጋት 30 ጋት። ለዚህ ካሜራ 70 ሚሊ ሜትር በ30 ሲባዛ 2.1 ሜትር ይሆናል። ይህ ሲጠበቅ ቅርቡና ሩቁ ነገር በሁለቱ ፊልሞች ላይ የሚያሳዩት ልዩነት 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ይህችን 1.2 ሚሊ ሜትር አንሺው እንደ ወር ደመወዝ ይቁጠራት፤ ጥልቀትን ሁሉ የሚገዛው በእርሷ ነው።

አሁን ወጪው እንዴት እንደሚከፋፈል እንመልከት፤ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነውና። ከ2.1 ሜትር ጀምሮ ያለው ነገር ሁሉ፣ አጥሩ፣ ጎረቤቱ፣ ከተማው፣ ተራራው፣ ደመናው፣ ጨረቃና ከዋክብቱ ተደምረው የሚወስዱት ያንን 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቅርቡን ነገር ወደ 1.5 ሜትር ብናመጣው ግን ያው ደመወዝ ከ5 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አድማሱ ቀርቶ የግቢው በር ላይ ያልቃል። ወደ 1 ሜትር ብናመጣው ደግሞ 1.9 ሜትር ላይ ያልቃል። ከ1 ሜትር እስከ 1.9 ሜትር ያለው፣ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚጨርሰው ስፍራ፣ ከ2.1 ሜትር እስከ ከዋክብት ካለው ፍጥረት ሁሉ እኩል ያስወጣል። የእኔ ቅርንጫፍ በግማሽ ሜትር ላይ ነበረች፤ ብቻዋን የደመወዙን 4 እጥፍ ጠየቀች። ዝቋላ ግን ምንም አልጠየቀም ማለት ይቻላል።

ሩቅ ርካሽ ነው፤ ቅርብ ውድ ነው። ይህን ስሌት ካወቅሁ በኋላ ከፎቶግራፍ ውጭም ደጋግሞ ይገጥመኛል። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ በጎ ማሰብ እምብዛም ዋጋ አያስከፍልም። አንድ ጣሪያ ሥር አብሮን የሚኖረው አንድ ሰው ግን በአንድ እርምጃ ቀርቦ ሲቆም ያለንን ትዕግሥት አሟጥጦ ይጠይቀናል። ከመንደር እስከ ዓለም ዳርቻ ያለውን ፍቅር ደምረን የምናወጣውን ያህል፣ ከአልጋ እስከ ማእድ ቤት ላለው ፍቅር እናወጣለን።

እዚህ ላይ አንባቢ ይጠይቀኛል፤ በእውነተኛው ዓለም እጄንም ተራራውንም አያለሁ፤ መቼ ዐይኔን አመመኝ? ጥያቄው ተገቢ ነው። አውራ ጣትዎን ከፊትዎ አንድ ስንዝር ያህል አቁመው ከወዲያ ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ጣቱ ሁለት ይሆናል። ጣቱን ይመልከቱ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነገር ሁለት ይሆናል። ይህ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ይውላል፤ እኛ ግን አናስተውለውም። ያላተኮርንበትን ነገር ዐይን ያደበዝዘዋል፤ አእምሮም ያልፈዋል። ደግሞም ቅርብ ስናይ ሁለቱ ዐይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ የዐይን ሌንስም አብሮ ጥራቱን ወደ ቅርብ ያመጣል። ሁለቱ ሥራዎች ከሕፃንነት ጀምረው እንደ ጥማድ በሬ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሥዕል ፊት ግን ይህ አይሆንም። ፊልሙ በአንድ ርቀት ላይ ስላለ የዐይን ሌንስ እዚያው መቆም አለበት፤ ዐይኖቹ ግን አንዴ ወደ ቅርንጫፉ፣ አንዴ ወደ ተራራው ይጎተታሉ። አንዱ በሬ ቆሞ ሌላው ሲሄድ ቀንበሩ የሚጎዳው አንገትን ነው። ግንባሬን የወጋኝ ይህ ነው።

ሌላም አለ። እውነተኛ ቅርንጫፍ ቢጋርደኝ አንገቴን ዘንበል አደርጋለሁ፤ ወይም በእጄ ገለል አደርገዋለሁ። ሥዕል የሚያይ ሰው ግን በውስጡ እጅም እግርም የለውም። እኔ በቆምኩበት ይቆማል፤ እኔ የተውኩትን ቅርንጫፍ እርሱ ሊያነሣው አይችልም። ስለዚህ ጥልቀትን መዳኘት የሌላ ሰው ዐይን በአደራ መቀበል ነው። አደራውን የሚያከብደው ደግሞ ካሜራው ራሱ ነው። በስቴሪዮ ሪያሊስት ላይ አንሺው የሥዕሉን ክልል የሚያይበት መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ነው። ጥልቀትን የሚይዘው መሣሪያ የሚነጣጠረው በአንድ ዐይን ነው። ለአንድ ዐይን ደግሞ ቅርንጫፏ ሰማዩ ላይ የተሣለች ጭረት ናት፤ በግማሽ ሜትርም ትሁን በ20 ሜትር ርቀቷ አይታወቅም። መስኮቱ ስለማይነግረን ፍርዱ ከመስኮቱ በፊት መሰጠት አለበት፤ ካሜራውን ከዐይን ላይ አውርዶ፣ በገዛ ሁለት ዐይን፣ በገዛ እግር።

ከተነሣ በኋላስ አይታረምም? በከፊል ይታረማል። ጥንዱን ሥዕል በስላይዱ ክፈፍ ውስጥ ጥቂት ገፋ ወይም ሳብ አድርጎ ስፍራውን ሁሉ ከክፈፉ ወዲያ ማራቅ ወይም ወዲህ ማቅረብ ይቻላል። ጥሩ አንሺ ይህን በጥንቃቄ ይሠራዋል፤ በክፈፉ ጠርዝ የተቆረጠ ነገር ከክፈፉ ፊት ወጥቶ እንዲቆም አይተወውም። መስኮት ከወዲያው ያለውን ይጋርዳል እንጂ ከወዲህ ያለውን አይቆርጥምና። ነገር ግን ይህ ሁሉ መግፋትና መሳብ በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለውን ልዩነት ቅንጣት አይቀንሰውም። ሁሉንም በአንድነት ያዛውራቸዋል እንጂ አያቀራርባቸውም። ጠበኞችን አንድ ላይ ከሳሎን ወደ ጓዳ ማዛወር ማስታረቅ አይደለም። እርቁ ካሜራው ሳይጫን በፊት ያለቀ መሆን ነበረበት።

ይህን የሰማ ፈሪ አንሺ ቅርብ ነገርን ሁሉ ከሥዕሉ ያስወጣል። እኔም ከቅርንጫፏ በኋላ እንዲህ አደረግሁ። ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ቀርቤ ከተማዋንና ተራሮቹን ብቻ አነሣሁ። ያገኘሁት ጠፍጣፋ ፖስት ካርድ ነው። በ500 ሜትር ላይ ያለ ነገር በዚያ ፊልም ላይ ከአድማሱ የሚለየው የአንድ ሚሊ ሜትር 200ኛ እጅ በምታህል ልዩነት ነው፤ ለዳኛው የሚደርስ ነገር የለም። ሁለቱ ምስክሮች ፊደል በፊደል ገጠሙ። ደመወዙን ሳልነካው መለስኩት፤ ተመልካቹም ባዶ እጁን ቀረ።

ሩቁን በጥልቀት ማየት የፈለጉ ሰዎች ያገኙት ብልሃት ዐይኖቹን ማራራቅ ነው። ስሌቱ ያው ነው፤ ቅርቡ ነገር 300 ሜትር ላይ ከሆነ ሁለቱ ሥዕሎች 10 ሜትር ተራርቀው ሊነሡ ይችላሉ። ለካርታ ሥራ መሬትን የሚያነሣ አውሮፕላን በቀጥታ መስመር እየበረረ፣ ተከታታይ ሥዕሎቹ በተለምዶ 60 በመቶ እንዲደራረቡ አድርጎ ያነሣል፤ በሁለት ሥዕሎች መካከል የበረረው ርቀት የአንድ ግዙፍ ፊት ሁለት ዐይኖች ርቀት ይሆናል። የአገራችን ተራሮች ከፍታ በ1፡50,000 ካርታዎች ላይ የተሰመረው እንዲህ ባሉ ጥንድ ሥዕሎች ነው። በዚህ ሥራ የዐይኖቹ ርቀት ከ30ኛው እጅ እጅግ ይሰፋል፤ ግን ችግር አያመጣም። ከዚያ ከፍታ ሲታይ መሬቱ ሁሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ርቀት ላይ ነው፤ በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለው ስፍራ ስስ ነው። እንግሊዛዊው ዋረን ደ ላ ሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ጨረቃ ዞረ። ጨረቃ ለእኛ ስትታይ ፊቷን ጥቂት ወዲህና ወዲያ ትመልሳለችና በተለያየ ጊዜ የተነሡ ሁለት ሥዕሎቿን አጣመረ። ለዐይን ዘወትር እንደ ሰሃን የምትታየው ጨረቃ ድቡልቡል ሆና ተገለጠች።

ግን ይህም ዋጋ አለው። በ10 ሜትር የተራራቁ ዐይኖች የሚያዩት ተራራ ትልቅነቱን ያጣል። አእምሮ ዐይኖቹ ከአንድ ጋት ያልበለጠ እንደተራራቁ ያውቃልና፣ ያንን ሁሉ ጥልቀት ለመቀበል ተራራውን ያሳንሰዋል፤ ገደሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የጭቃ ቅርጽ ይመስላል። ለካርታ ሠሪው ይህ ጥቅም ነው፤ ሊለካ ነው የመጣው። ሊደነቅ ለመጣ ሰው ግን ተራራው ተወስዶበታል። ሩቁን በግድ ወደ እጃችን ስናመጣው ግርማውን እንነጥቀዋለን።

ታዲያ 30ኛው እጅ የማይጣስ ሕግ ነው? አይደለም፤ ምክር ነው። በእጅ መመልከቻ ብቻውን የሚያይ ሰው ከዚያ የበለጠ ልዩነት ሊሸከም ይችላል። በአዳራሽ ሸራ ላይ ግን ሥዕሉ ሲገዝፍ ልዩነቱም አብሮ ይገዝፋል። የሩቁ ነገር ሁለት ምስሎች በሰው ዐይኖች መካከል ካለው ርቀት በላይ ሸራው ላይ ከተራራቁ፣ ዐይኖች ወደ ውጭ እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ዐይን ደግሞ ዓለምን ለማየት እንዲህ መዞር አስፈልጎት አያውቅም። ልምድ ያለው ሰው የሚደሰትበት ሥዕል ለጀማሪ ሕመም ሊሆን ይችላል። የሕፃን ዐይኖች ከአዋቂ ይልቅ ይቀራረባሉ። በሁለት ዐይን ጥልቀትን ከነጭራሹ የማያዩ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ብቻውን የቆመ "ተገቢ ጥልቀት" የለም። ለማን ነው? የት ይታያል? በምን ይታያል? ብሎ ያልጠየቀ ሰው ሊዳኝ አይችልም። ጥልቀት የሚለካው አንሺው ሊሰጥ በሚችለው ሳይሆን ተመልካቹ ሊሸከም በሚችለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ትምህርት የግድግዳው ነው። ቅርብ ነገር ክልክል አይደለም። ቡና የምትቀዳ እናቴን በ1 ሜትር ላይ ማንሣት ብፈልግ እችላለሁ፤ ከኋላዋ ከ1.9 ሜትር ሳያልፍ ግድግዳ ወይም መጋረጃ ይኑር ብቻ። አድማሱ ይዘጋ። ያን ጊዜ ደመወዙ ሁሉ ለእርሷ ይውላል፤ የጀበናው አንገት፣ የጣቶቿ አጥንት፣ የነጠላዋ እጥፋት በየልካቸው ይነሣሉ። ቅርቡን በሙሉ ጥልቀቱ ለማየት ለዚያች ጊዜ ሩቁን መተው ያስፈልጋል።

አባቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሐዘን የደረሰበትን ሰው እቤቱ እናስቀምጠዋለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ፍራሽ ዘርግተን ከበነው እንቀመጣለን። በዚያ ሰሞን ስለ ከርሞ አዝመራም፣ ስለ ሥራም፣ ስለ ንግድም አይጠየቅም። ሐዘኑ በግማሽ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ያለውን ሁሉ ወስዶበታል። በዚያ ላይ አድማሱንም ጨምረህ እይ ማለት ዐይኑን መሰንጠቅ ነው። ድንኳኑ ያ ግድግዳ ነው። ቀን ሲቆጠር ሐዘኑ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ያን ጊዜ ድንኳኑ ይነሣል፣ አድማሱም ይከፈታል። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ከሌላው ነገር ጋር አብሮ ሊታይ በሚችልበት ስፍራ ተቀመጠ እንጂ።

"የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል" ይባላል። ተረቱ አጠገብ ያለውን ስለመናቅ የተነገረ ነው። እኔ ግን ከዚህ ካሜራ በኋላ ስሰማው ንቀቱ የሚያስከፍለውንም አስባለሁ። ቅርቡን ስለምንንቀው አንለካውም፤ ስላልለካነው መካከላችን ገብቶ ዐይናችንን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያም ሩቁ አልታይ አለኝ ብለን እናማርራለን። ጥፋቱ የተራራው አልነበረም።

በሌላ መስከረም እንጦጦ ተመልሼ ወጣሁ። ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በመጀመሪያ ቅርንጫፎቹን ፈለግሁ። ወዳጄ ያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጉልበቱ ጀምሬ ወደ ኋላዬ ቆጠርኩ። የእኔ እርምጃ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት እርምጃ 2.1 ሜትር ይሆናል። ሦስት እርምጃ ቆጥሬ ቆምኩ፤ በእኔና በእርሱ መካከል ወደ ሥዕሉ የሚገባ የሣር ዘለላ እንኳ አለመኖሩን በሁለት ዐይኔ አየሁ። ከዚያ አነሣሁ። ስላይዱ ሲመጣ ወዳጄ ድንጋዩ ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ከደረቱ ፊት፣ ትከሻው ከከተማዋ ፊት፣ ዝቋላም በሩቅነቱ ጸንቶ ከሁሉም ኋላ። ዐይኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያደናቅፈው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ካሜራ ይዞ ለማያውቅ አንባቢም የምለው ይኸው ነው። ሩቁን ለማየት ሲነሡ በመጀመሪያ ከሁሉ ቅርብ ያለውን ነገር ይፈልጉት፤ ይለኩት፤ የሚገባውን ስፍራ ይስጡት። ሩቁ ለራሱ አያንስም።